በበሬ ትንፋሽ የሚሞቅ ቤት

መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም.

ወንድሜ በፍቃዱ፣

የመሥሪያ ቤታችንን ኑርየን ለመዳር ሽማግሌ ሆነን መጥተን በብርድ ልናልቅ ነበር። ለካ ደሴ ይበርዳል የምንለው ቀልድ ነው! ልንጠይቅለት የመጣነው ልጅ ሱሀይላ ከጅዳ ስትመለስ ለአባቷ ለጋሽ ሙሄ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሁሉ መስታወት የሆነ ቪላ ሠርታላቸዋለች። በጠዋቱ ውርጭ እዚያ አስቀመጡን። የሽማግሌዎቻችን መሪ ጋሽ አስናቀው "ልጅዎን ለልጃችን" ሊሉ አፋቸውን ቢከፍቱ ጥርሳቸው ተንቀጫቀጨና "ልልል" ብለው ቀሩ። ጋሽ ሙሄ ወደ እኔ ዞረው "ዱዓ እያደረጉ ነው?" አሉኝ። ሱሀይላ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዋን ብትሰካው የቤቱ መብራት ድርግም አለ።

"ያ ረቢ! ተነሡ፣ ወደ አሮጌው ቤት!" አሉ አባትየው።

አሮጌው ቤት ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው። እኛ ቆጡ ላይ ተቀመጥን፤ ከሥራችን ሁለት በሬዎች ተኝተው ያመሰኳሉ፤ ትንፋሻቸው ቤቱን እንደ ዳቦ ቤት አሙቆታል። ጋሽ አስናቀው ጋቢያቸውን አውልቀው ነገሩን እንደ ውኃ አወረዱት። አባትየውም "እሷ ካለች እኔ ምን አለኝ" አሉ።

ሱሀይላ ከጓዳ ብቅ አለች። "እኔስ እሺ ብያለሁ። ግን አባዬ፣ ከኑርየ ጋር እዚህ ሙቀቱ ላይ እንኑር፤ በሬዎቹ ቪላው ውስጥ ይታሰሩ።"

ጋሽ ሙሄ ደነገጡ። "ምነው ልጄ፣ ምን በደሉሽ? በብርድ ይሞቱብኛል እኮ!"

በመጨረሻ ሙሽሮቹም በሬዎቹም አሮጌው ቤት አብረው ሊኖሩ ተስማማን።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። የኔአለምንና ልጆቹን ሳምልኝ። ለሠርጉ ስትመጣ ሁለት ጋቢ ያዝ፤ እንግዳ የሚያድረው ቪላው ውስጥ ነው።

ቢሻው