ከአጥር ማዶ የተጣራው ድምፅ

ለወንድሜ ለጋሼ እንዳለው፣

እንዴት ሰንብተሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? የድሬዳዋ ሙቀት ሜላትን አልከበዳትም? ልጃችሁ ቂርቆስስ ጥርስ አወጣ? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን አለን። ኔትወርክ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅህን አልሰማንም። ይህን ደብዳቤ ዲያቆን ወልደ ዮሐንስ ባሕር ዳር ወስዶ በፖስታ ይልክልኛል። በቆሎው ገብቷል፤ ዳጉሳውን እያጨድን ነው።

ባለፈው በጻፍክልን ላይ፣ ሰው በክፉ ቀን አይለወጥም፣ እማዬም ያችው እማዬ ናት ብለህ ነበር። እንዳልከው ቢሆን ምን ነበረበት።

እማዬ የመሸበትን መንገደኛ መልሳ አታውቅም ነበር። የእግዜር እንግዳ ነኝ ካላት የማን ልጅ ነህ እንኳ ሳትል እግሩን ታጥበው ነበር። አንተም ቡሬ ስትማር፣ ለበዓል ስትመጣ፣ የሽማግሌ ድምፅ አውጥተህ ከአጥር ማዶ እየተጣራህ ታታልላት ነበር። እሷም አውቃ ትታለልልህ ነበር።

በጥቅምት አንድ ቀን ተኩስ ሲሰማ ዋለ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከአጥር ማዶ፣ ቤቶች፣ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ የሚል የሽማግሌ ድምፅ መጣ። እማዬ ብድግ አለች። ከዚያ ቆመች። ኩራዙን እፍ አለችው። እኔም ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ድምፁ ደግሞ ተጣራ። ከዚያ ተወን።

ያሳደሯቸው እትዬ ዓባይነሽ ናቸው። አዎ፣ ንፉጓ ጎረቤታችን። እንግዳው ከቡሬ መኪና አጥተው፣ ጅጋ ልጃቸው ዘንድ በእግራቸው የሚሄዱ አባት ኖረዋል። ጠዋት በደጃችን ሲያልፉ ቤታችንን መርቀው ሄዱ። ባይመርቁን ይሻል ነበር።

እትዬ ዓባይነሽ ተለውጠዋል ብዬ በማግስቱ ጨው ልበደር ብሄድ፣ አንድ ቀን እንግዳ ባሳድር ጓዳዬን ልትገለብጡት ነው እንዴ ብለው መለሱኝ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ደግሞ አላሳቀኝም።

ታዲያ እውነተኛው ሰው የቱ ነው? የፈራው ነው? ወይስ ከመፍራቱ በፊት የነበረው? እኔንጃ። ስለ ራሴም እርግጠኛ አይደለሁም። እማዬ ከዚያ ወዲህ በየማታው የአንድ ሰው ራት ከድና ታስቀምጣለች። ውሻ ሲጮህ ግን በሩን ቀድማ የምትዘጋው እሷው ናት።

ባለፈው ሳምንት፣ ዳጉሳ ስናጭድ፣ ቀና ሳትል፣ ያን ቀን እኮ ልጄ እንዳለው መስሎኝ ነበር አለችኝ። አንተ መስለሃትም አልከፈተችም።

ለገና እመጣለሁ ብለሃል። መንገዱ እንደ ዛሬው ከሆነ አምሽተህ ነው የምትደርስ። እባክህ ጋሼ፣ የሽማግሌውን ድምፅ ተወው። ከወንዙ ማዶ ጀምረህ ስምህን ጥራ። ደጋግመህ ጥራ።

ሜላትን እንደናፈቀችኝ ንገራት፤ ቂርቆስን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። እትዬ ዓባይነሽ እንኳ ሰላም በይልኝ ብለዋል፤ ይሄ በነጻ ነው። እማዬን ምን ልበልልሽ ብላት፣ ና በይው አለች። ደብዳቤውን ላጥፍ ስል መለሰችኝና፣ በቀን ይምጣ በይው አለች።

እህትህ ያምሮት
ከፍኖተ ሰላም ወዲያ፣ ከቤታችን
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.