የጭንቅላቴ ፎቶ ያመጣው የምሥራች

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣ ለአቶ አለምነህ፤ ደባርቅ ዙሪያ።

አባዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ የክረምቱ ብርድ አልበረታብዎትም? እማዬስ እንዴት ናት፣ ያ ሳሏ ተዋት? ከብቱስ፣ ዘመድ ጎረቤቱስ ሁሉ ደህና ነው? እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ። እኔና ባለቤቴ ገዱ፣ ናፍቆታችሁ ከማስቸገሩ በቀር፣ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስልዎት እንደ ሰላምታ ደንብ እንዳይመስልዎ፤ ዘንድሮ የእውነት ነው። በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ድምፁ እየተቆራረጠ ስላስቸገረኝ፣ ወንድሜ ያርጋል ረጋ ብሎ ያንብብልዎ ብዬ ይኸው ጻፍኩ። ያርጋል፣ አደራህን፣ አንድም መስመር እንዳትዘል።

እንደሚያውቁት የገዱ ዘመዶች ወዳሉበት ወደ እስራኤል ከመጣን በኋላ በአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ይዤ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ ላይ ሳለሁ ግራ ዓይኔ በድንገት ጉም የለበሰ መሰለኝ። እሱ ሲሻለኝ ደግሞ ቀኝ እግሬ ደነዘዘ፤ ጫማዬ ወልቆ ኋላ ሲቀር እንኳ አይታወቀኝም ነበር። ሐኪሞቹ ኤምአርአይ በሚባል መሣሪያ ጭንቅላቴን ፎቶ አንስተው፣ ከጀርባዬም ፈሳሽ ቀድተው መርምረው፣ «መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል በሽታ ነው» አሉኝ። የሰው ገላ መከላከያ የራሱን ነርቭ ጠላት መስሎት የነርቩን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። የማንም ዓይን፣ የማንም እርግማን አይደለም፤ እማዬ በዚህ በኩል ልቧ ይረፍ።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ስሙ አልነበረም። ይህ በሽታ አንዱን ሰው ብዙም ሳይጫነው ለዓመታት ሲያኖረው፣ ሌላውን ቶሎ ከምርኩዝ ያደርሰዋል። እኔ ከየትኛው ነኝ? ሐኪሜን ዶክተር ሪቭካን፣ «ልጅ መውለድስ እችላለሁ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ለጊዜው ቆዪ፤ መድኃኒቱም ከእርግዝና ጋር አይስማማም። መጀመሪያ የበሽታሽን ጠባይ እንወቅ» አለችኝ። ገዱ ያን ቀን በአውቶቡስ ተመልሰን ቤት ከገባን በኋላ ነው፣ «ጥሩዬ፣ እኔ ያገባሁት አንቺን ነው፤ ልጅ ከመጣ ምርቃት ነው» ያለኝ።

እርስዎ በነሐሴ የገብሱን ማሳ ዞር ዞር ብለው አይተው መከሩን እንደሚገምቱት፣ ሐኪሞቹም የበሽታውን መጪ ነገር በምልክት ነው የሚገምቱት። አንደኛው ፎቶው ነው፤ ቁስሉ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ አዲስ ነጥብ ከበዛ በሽታው እየገሰገሰ ነው። ሌላው ደም ነው፤ ነርቭ ሲጎዳ ከውስጡ እየወጣ ወደ ደም የሚገባ ፕሮቲን አለ፣ እሱን ይለካሉ። የደሙ ነገር ገና በጥናት ላይ ነው፤ ትገቢያለሽ ወይ ሲሉኝ እሺ አልኩ። ዓመቱን ሙሉ ደም እየሰጠሁ፣ መድኃኒቴንም ሳላጓድል ወሰድኩ። የፎቶው መሣሪያስ ቢሉ አባዬ፣ ጠባብ ዋሻ ነው፤ ጩኸቱ የደባርቅ በረዶ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ያህላል። አትነቃነቂ ተብዬ ሳለ፣ እማዬ በሠርጌ ቀን ከበሮ ከሰው ነጥቃ የመታችው ትዝ አለኝና ሳቄ አመለጠኝ። ፎቶው ተበላሽቶ እንደገና ተነሣሁ።

ባለፈው የካቲት ውጤቱን ልንሰማ አብረን ሄድን።  ዶክተር ሪቭካ የፊተኛውንና የኋለኛውን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋ፣ «በይ ራስሽ ፈልጊ፤ አዲስ ነጥብ አለ?» አለችኝ። ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። «እኔም አጥቻለሁ» ብላ ሳቀች። ከፍ ብሎ የነበረው የደሙ ልክም ወርዶ ከጤነኛ ሰው ጋር ተቀራርቧል። «ይህ ትንቢት አይደለም፤ የነገውን ምዬ አልነግርሽም። ግን ምልክቶቹ ሁሉ በሽታሽ ገር መሆኑን ያሳያሉ። መድኃኒቱን እናቁምና ልጃችሁን ሞክሩ» አለች። ይህን ስትል ገዱ ብድግ ብሎ፣ እንደ አገራችን ደንብ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። ሴትዮዋ ደንግጣ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች፤ ኋላ ግን እሷም ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

አባዬ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ያርጋል፣ እዚህ ላይ ቆም በል፤ እማዬ እልልታዋን ትጨርስ። ከወሊድ በኋላ በሽታው ሊቀሰቀስ ስለሚችል መድኃኒቱን ቶሎ እጀምራለሁ፤ ይህንንም ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ። ዛሬ ግን እግሬም ዓይኔም ደህና ነው። መታመሜን ሰምተው ደረስጌ ማርያም ድረስ ሄደው የተሳሉልኝ ሰምሯልና ዣንጥላውን ያስገቡልኝ።

እማዬን ዓይኗን፣ እርስዎን ጉልበትዎን ስሜያለሁ። ለያርጋል፣ ለሚስቱ ለበለጠች፣ ስታድግ ላላየኋት ልጃቸው ለስጦታ፣ ለጎረቤታችን ለእትዬ ባንቻየሁም ሰላምታዬ ይድረስ። ገዱም እጅ ይነሣል። ልጁ ጠንከር ሲል፣ የከርሞው ክረምት እንደወጣ እንመጣለን። ታዲያ በቅሎ ጭነው ደባርቅ እንዳይጠብቁኝ። እርስዎ የልጅ ልጅዎን ይቀፉ፤ ዳገቱን እኔ በእግሬ እወጣዋለሁ።

ልጅዎ ጥሩዬ አለምነህ
ቤርሳቤህ፣ እስራኤል
መስከረም 18 ቀን 2011 ዓ.ም.