ሰማያዊው የሳሙና ምልክት

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ያ ቅባት አሻለሽ? ዓይንሽስ? መነጽርሽን ተቀምጠሽበት ከሰበርሽው ወዲህ ሌላ አሠራሽ ወይስ አሁንም በሰው ዓይን ነው የምታነቢው? ወንድም ጋሼስ፣ ሚጡስ፣ ያቺ ሌባ ድመትሽስ? ሁላችሁም እንደምመኘው በጤና ከርማችሁ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ

እዚህ ላይ እጄ ቆመ። እዚህ ቦታ ስደርስ ምን እንደምጽፍ ታውቂያለሽ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም፣ ደህና ነኝ ብዬ አልፋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ጽፌያለሁ፤ እጄ ለምዶት ሳላስበው ነው የሚጽፈው። ዛሬ ግን አልጽፈውም። ደንግጠሽ እንዳትነሺ፣ አልሞትኩም፣ አልታሰርኩም፣ ከሥራም አልተባረርኩም። ቁጭ በይና ሚጡ እንደ ሁልጊዜው እስከ መጨረሻው ታንብብልሽ። አደራ፣ ለወንድም ጋሼ እንዳትሰጪው። እሱ ሲያነብ ያልጣመውን እየዘለለ እንደሚያልፍ እኔም አንቺም እናውቃለን።

ብዕር ያስያዘኝም የእሱ ወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት ደውሎ ትንሿ ልጅሽ ሚጡ ትምህርቷን ካቆመች ሁለት ወር እንዳለፋት፣ ቀኑን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደምትተኛ፣ ጸጉሯን እንኳ ካልለመኗት እንደማታበጥር ነገረኝ። ስንፍና ነው፣ ስልክ ነው ያበላሻት አለ። ወሩ ሲያልቅ አክስቴ ዘንድ ትሄዳለች፣ እዚያ ሥራ ስትለምድ ቀጥ ትላለች አለ። እማዬም ተስማምታለች ብሎ ጨመረ። እውነት ተስማምተሽ ነው ወይስ እሱ ሲናገር ዝም ስላልሽ ነው? አንቺ ዝም ባልሽ ቁጥር የሚተረጉምልሽ ሰው አይጠፋም።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትይኝ ይሆናል። ስልክ ላይ ደህና ነኝ የምትለዋ ቃል ትቀድመኛለች፤ ወንድም ጋሼም አጠገብሽ ሆኖ ጆሮውን ይጥላል። ወረቀት ይሻለኛል፣ አያቋርጠኝም።

እንግዲህ ልንገርሽ። የሚጡ ነገር ወዲያው የገባኝ ከእናንተ በላይ አዋቂ ሆኜ አይደለም። እኔንም ስላመመኝ ነው።

የምሠራበት የልብስ ማስተካከያ ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ነው። ፊት ለፊት ረጅም መስታወትና ደንበኛ ልብስ የሚለካበት መጋረጃ አለ፤ ከኋላ ሦስት የስፌት መኪና፣ የመቁረጫ ጠረጴዛና የካውያ ጠረጴዛ። ባለቤቷን ሜትር ከአንገታቸው ስለማይወርድ እሜቴ ሜትር እንላቸዋለን፤ ፊታቸው ላይ ግን ማን ደፍሮ! ልብስ የሚተኩሱት ሽማግሌ ደግሞ ጋሽ ካውያ ናቸው። እኔ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ልብሱ ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊትም የመጨረሻዋ ተቆጣጣሪ እኔ ነኝ። ዓይኗ መርፌ ነው እያሉ ሲያሞግሱኝ ልቤ አብጦ ስለነበር፣ ሕመሙ ሲጀምረኝ ጉብዝና መሰለኝ።

የአንድ ሱሪ ጫፍ ዘምዘማ አይቼ ሳበቃ፣ እርግጠኛ ነሽ ይለኛል ሆዴ። ደግሜ አየዋለሁ። ሦስቴ፣ አራቴ። ኋላ ደህናውን ስፌት እየፈታሁ እንደገና መስፋት አመጣሁ። ቤቴን ቆልፌ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ተመልሼ በሩን እነቀንቃለሁ። ካውያውን የሚነቅሉት ጋሽ ካውያ ሆነው ሳለ፣ ሱቁ በእኔ ጥፋት ሲቃጠል ይታየኛል። ልቤ ይደልቃል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ አየር ያጥረኛል። የልብ በሽተኛ ነኝ ብዬ በራሴ ላይ ፈረድኩ። ከዚያ ሌላው መጣ። በዕረፍት ቀኔ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ወሬና ሳቅ የምወድ ሴትዮ፣ አንድ ብርጭቆ ለማጠብ ሦስት ቀን ያህል አሰብኩበት። የምበላው ሁሉ ጭድ ጭድ አለኝ። ያለ ምክንያት አለቅስ ነበር፤ የባሰው ደግሞ ልቅሶውም የጠፋ ጊዜ ነው። ያን ሰሞን ነው እንግዲህ ደህና ነኝ እያልኩ የጻፍኩልሽ። አፈርኩ እማዬ። እሷ እዚያ ምን ጎደላት ትሉኛላችሁ ብዬ አፈርኩ።

ጉዴን ያወጣው የአንድ አውቶቡስ ሹፌር ሱሪ ነው። ሰውየው ጎንበስ ካላለ በራችንን አያልፍም። አዲስ ሱሪ አምጥቶ አራት ሴንቲ አሳጥሪልኝ አለ። ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ፣ አየሁ። ከምሳ በኋላ ሐሳብ ገባኝ፤ ቆርጬዋለሁ ወይስ አልቆረጥኩትም? ፈታሁትና አራት ሴንቲ ቆረጥኩ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ያንኑ ደገምኩት። ሹፌሩ ለብሶ ከመጋረጃው ሲወጣ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱን ትቶ ወደ ባቱ ተሰድዷል። ወንዝ ሊሻገር የተዘጋጀ ሰው ይመስላል። ጋሽ ካውያ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሹፌሩም እግሩን መስታወት ውስጥ አይቶ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን መቁረጫ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ቁጭ አልኩ። ትንፋሼ እምቢ አለኝ። በቃ ዛሬ መሞቴ ነው ብዬ ነበር።

እሜቴ ሜትር ወገባቸውን ያማቸዋል፤ የወደቀ መርፌ እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚያነሳላቸው። ያን ቀን ከወለሉ ላይ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቁ መሃል፣ አጠገቤ ዘፍ አሉ። ስለ ሱሪው ትንፍሽ አላሉም። እጄን ይዘው እስክረጋጋ ጠበቁኝ። ከዚያ ባላቸው የሞቱ ጊዜ እሳቸውም እንዲህ ሆነው እንደነበር፣ ሐኪም ዘንድ ሄደው እንደተሻላቸው አጫወቱኝ። በማግስቱ ሱቁን ለጋሽ ካውያ ትተው ራሳቸው ክሊኒክ ወሰዱኝ። ለሹፌሩ ሌላ ሱሪ ሰፉለት፤ የቀድሞውንም ቁምጣ አድርገው መረቁለት። ለብሶት ሲያልፍ በመስኮት አይቼዋለሁ፣ ያምርበታል።

ሐኪሟ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ልቤን አዳመጠች፣ ደሜን አስመረመረች፣ ልብሽ ጤነኛ ነው አለችኝ። ከዚያ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግቤ፣ ስለ ሐሳቤ ጠየቀችኝ። መሞት ትመኛለሽ ወይ አለችኝ፣ ሰዓት ስንት ነው እንደሚል ሰው ረጋ ብላ። እማዬ ይቅር በይኝ፣ አዎ አልኳት። ራሴን ላጠፋ አልተነሳሁም፤ ግን ተኝቼ በዚያው ብቀር ደስ ይለኝ ነበር። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ጭንቀትና ድባቴ የሚባል ሕመም ነው፣ ብዙ ሰው ይይዛል፣ ይታከማልም አለችኝ። ስም አለው እኮ እማዬ! እኔ ከሰው ሁሉ ተለይቼ የከፋሁ መስሎኝ ነበር።

ኪኒን ሰጠችኝ። መጀመሪያ ሆዴን አገላበጠው፤ ሦስት ሳምንት ምንም ጠብ የሚል ነገር አላየሁበትም። ልተወው ስል፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሳትነግሪኝ እንዳታቆሚ ብላ ተቆጣችኝ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ብርጭቆዎቹን ሁሉ አጥቤ ስጨርስ ነው ማጠቤ የታወቀኝ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ አማካሪ ዘንድ ሄጄ አወራለሁ። ሥራ የምሄደው በእግሬ ነው፤ ዙሪያውን በዛፎቹ በኩል፣ ሰነፍ ውሻ እንኳ በሚቀድመኝ እርምጃ።

አማካሪው ደግመሽ ማየትሽን ቀስ በቀስ ቀንሺ ሲለኝ፣ ብልሃቱን ያመጡት እሜቴ ሜትር ናቸው። እኛ ሰፊዎች ጨርቅ ላይ በደረቀ የሳሙና ስባሪ ነው የምናሰምረው። አንድ ሰማያዊ ስባሪ ሰጡኝና ሕግ አወጡ። ልብሱን አንዴ አያለሁ፤ ካየሁ በኋላ በውስጥ በኩል አጭር መስመር አሰምራለሁ። መስመር ያለበትን ልብስ ዳግመኛ መንካት ክልክል ነው። የመጀመሪያው ሳምንት እጄን በላኝ፤ ወደ ተተኮሰው ልብስ ሹልክ ስል ጋሽ ካውያ ካውያቸውን አንስተው ዘብ ይቆሙብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆርጬ ያበላሸሁት ሱሪ የለም። ድኛለሁ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ባለፈው ማክሰኞ እንኳ ያለ ምንም ምክንያት ልቤ ተነስቶብኝ፣ ቁልፍ እየተከልኩ አንድ ሁለት እያልኩ ስፌቱን ስቆጥር አለፈልኝ። ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲመጣ እንደሚሄድ ማወቄ ነው ለውጡ።

አሁን ስለ አባዬ አንድ ነገር ላንሳ፤ እንዳይከፋሽ። ከሥራ ሲመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚተኛባቸው ወራት ነበሩ። እኛ ልጆቹ ስንንጫጫ፣ አባታችሁ ደክሞታል ዝም በሉ ትይን ነበር። ድካም እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ፤ አንቺም ያኔውኑ ሳትጠረጥሪ አልቀረሽም። ማንም ስሙን አልነገረሽ፣ ማንም ሐኪም ዘንድ ውሰጂው አላለሽ። ግን አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ጫማውን አውልቀሽለት ከአልጋው ግርጌ ቁጭ ትያለሽ፤ ካልሲያችንን እየጣፍሽ፣ አንዲት ቃል ሳትናገሪ። ተነስ ብለሽው አታውቂም። እሱም ቆይቶ፣ ቆይቶ ይዞርልሽ ነበር። ማን አስተማረሽ እማዬ? እሜቴ ሜትር ወለሉ ላይ አጠገቤ ሲቀመጡ እኮ አንቺን ነው ያየሁት።

ስለዚህ ልለምንሽ። ሚጡን አትስደጂያት። አክስቴ ክፉ አይደለችም፣ ግን ሥራ የሚፈታው ነገር ቢሆን ኖሮ እኔ በስንት ሱሪ በዳንኩ ነበር። ከግርጌዋ ቁጭ በይላት። የእገሌ ልጅ እንዲህ ናት አትበያት። ጎረቤታችን እትዬ ነርሷ ጡረታ ቢወጡም ክሊኒኩ ውስጥ የማያውቁት ሰው የለም፤ ከእሳቸው ጋር በዚህ ሳምንት ውሰዷት። መሞት ያምርሻል ወይ ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂያት። ብጠይቃት ሐሳቡን አስገባባታለሁ ብለሽ አትፍሪ፤ እኔ ስጠየቅ ነው የቀለለኝ። አዎ ካለችሽ ሳምንቱንም አትጠብቂ፣ ብቻዋን አትተያት፣ በዚያው ቀን ይዘሻት ሂጂ። ለወንድም ጋሼም ሰነፍ የሚላት ከሆነ እኔንም አብሮ እንዲሰድበኝ ንገሪልኝ፤ የሁለታችንም ሕመም አንድ ነውና።

ሚጡዬ፣ እስካሁን ጮክ ብለሽ ያነበብሽው አንቺ ነሽ። ድምፅሽ እየተቆራረጠ እንደሆነ እገምታለሁ፤ እማዬም ሰምታዋለች። እንድታነቢው ያልኩት አውቄ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ያቃተኝን አንቺ በሁለት ወርሽ እንድትገላገይው ፈልጌ ነው። ከላይ እኔ ብዬ በጅምር የተውኩት አረፍተ ነገር አለ። አሁን አብረን እንጨርሰው፤ እኔ ስለ ራሴ ጻፍኩት፣ አንቺም እውነትሽ ከሆነ ስለ ራስሽ አንብቢው፦ እማዬ፣ እኔ ደህና አይደለሁም፤ እርጂኝ።

ማንበብ ካቃተሽም ግድ የለም፣ እዚያው ላይ ቁሚ። እማዬ፣ ሚጡ እዚህ ላይ ዝም ካለች ወረቀቱን ከእጇ ተቀብለሽ አጠገብሽ አስቀምጫት፤ የቀረው ሰላምታ ነው፣ ይደርሳል።

ወንድም ጋሼን ብቆጣውም እንደምወደው ንገሪልኝ፤ የላከውን ፎቶ መስታወቴ ላይ ሰክቼዋለሁ፣ ሆዱ ግን ከፍሬሙ ሊወጣ ምንም አልቀረው። የአክስቴን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ልጅቷን የከለከልኳት ንቄያት እንዳልሆነ አስረጂልኝ። ለእትዬ ነርሷ ሰላም በይልኝ፣ አስቀድሜም አመስግኛቸዋለሁ። ድመቷንም ከነሌብነቷ ሰላም በያት። አንቺን እናቴን፣ ሁለቱንም ጉንጭሽን፣ ዓይንሽንም እስማለሁ።

ድሮ ደብዳቤሽን አራት አምስት ጊዜ ቀድጄ እንደገና ጽፌ ነበር የምልከው። ይህን አንዴ አንብቤ ጥጉ ላይ አስምሬበታለሁ፤ ሰማያዊ ጭረት ካያችሁ ቆሻሻ አይደለም። ፖስታው ውስጥ ያለችው ስባሪ የሳሙናዬ ግማሽ ናት፣ የሚጡ ናት። ከአልጋዋ በተነሳችበት ቀን፣ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን፣ በተኛችበት በኩል ግድግዳው ላይ አንድ መስመር ታስምርባት። ያልተነሳችበትን ቀን አንቆጥርም።

ትልቋ ልጅሽ

ከክፍሌ፣ መስኮቱ ሥር
ኅዳር 9 ቀን፣ ከምሳ በኋላ