የአባታችን የቅዳሜ ሙቅ ውሃ

አባታችን ከግንበኛ አባታቸውና በሆቴል ልብስ አጣቢነት ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው መጋቢት 3 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። የበኩር ልጅ ስለነበሩ ሦስቱን እህቶቻቸውን አዝለው ነው ያደጉት ማለት ይቻላል።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ሙያ ማሠልጠኛ ገብተው የቧንቧ ሥራ ተማሩ። በ1960 ዓ.ም. በአንድ ሆስፒታል የጥገና ክፍል ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው ድረስ ሠላሳ ስድስት ዓመት አገለገሉ። ጆሯቸውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ቧንቧው የት ጋ እንደሚያፈስ ያውቁ ነበር። የገዛ ወጥ ቤታቸው ቧንቧ ግን ሲያንጠባጥብ ይከርማል፤ እናታችን "እባካችሁ የቧንቧ ሠራተኛ ጥሩልኝ" እስኪሉ ድረስ።

እናታችን የዚያው ሆስፒታል የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። የካርድ ክፍሉ የእጅ መታጠቢያ በወር ሦስት ጊዜ ለምን እንደሚበላሽ የታወቀው አባታችን ለጋብቻ ሲጠይቋቸው ነው። በ1965 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሁለት ወንዶችና እኔን ወለዱ።

በ1974 ዓ.ም. አባታችን በምርመራ ክፍል ውስጥ ሲሠሩ ደረቱን የሚያመው አንድ የቀን ሠራተኛ ገባ። ሐኪሙ ሸሚዙን እንዲያወልቅ ሲጠይቁት አንገቱን ደፋ። "ገላዬን ከታጠብኩ ቆይቷል፤ ታጥቤ ልምጣ" ብሎ ወጣ። አባታችን መፍቻቸውን እንደያዙ እስከ ውጭ በር ተከተሉት፣ አላገኙትም። ሰውየውም አልተመለሰም። "ውሃው እኮ በእጄ ነበር" እያሉ እስከ መጨረሻው ያነሱት ነበር።

በዚያው ሳምንት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መታጠቢያ እንዲሠራ ለኮሚቴው አመለከቱ። ሰብሳቢው፣ የቀድሞ ርእሰ መምህር፣ "ይህ የጸሎት ቤት ነው። ሰው ገላውን በቤቱ ይታጠብ" አሏቸው።

"ቤት የሌለውስ?"

"እሱን እግዚአብሔር ያውቀዋል።"

"እግዚአብሔርማ ያውቀዋል። እኛም እንድናውቀው ነው የነገረን" አሉ አባታችን።

ጉዳዩ ውድቅ ሆነ። አባታችን ሳይቀየሙ፣ ሆስፒታሉ የጣለውን የውሃ ማሞቂያ አስፈቅደው ወስደው ጠገኑና የቤታችንን መታጠቢያ ቅዳሜ ጠዋት ለመጣ ሁሉ ከፈቱ። እናታችን መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን አንዲት እናት ሁለት ሴት ልጆቿን ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ እርጥብ ፀጉራቸውን በጣቷ ስታፍታታ አዩ። የራሳቸውን ማበጠሪያ አመጡላት። ከዚያ ወዲህ ሳሙናውና ፎጣው የእሳቸው ኃላፊነት ሆነ። እኛ ልጆች በገዛ ቤታችን መሰለፉ ያናድደን ነበር። "ተራሽን ጠብቂ፤ እንግዳ ይቀድማል" ይሉኝ ነበር አባታችን። ሰፈሩም "ጋሽ ሙቄ" የሚል ስም አወጣላቸው።

ከአራት ዓመት በኋላ በሰብሳቢው ሰፈር ውሃ ለሁለት ሳምንት ጠፋ። አንድ ቅዳሜ ሰብሳቢው ፎጣቸውን በብብታቸው ይዘው ቤታችን መጡና ከአንድ ተሸካሚ ኋላ ቆሙ። ተሸካሚው ዞር ብሎ "አባቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ" አላቸው። አልቀደሙም። ተራቸውን ጠብቀው፣ ታጥበው፣ ከሰዎቹ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ አረፈዱ። በማግስቱ የመታጠቢያውን ጉዳይ ለኮሚቴው ራሳቸው አቀረቡ። በ1979 ዓ.ም. ለወንድ አራት፣ ለሴት አራት ክፍል ያለው መታጠቢያ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተከፈተ። ቧንቧውን የዘረጉት አባታችን ናቸው። ሰብሳቢውም እስኪያርፉ ድረስ በሩን ራሳቸው እየከፈቱ ቁልፉን ለማንም አልሰጡም።

አባታችን ጡረታ ከወጡ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠቢያ የቀሩበት ቅዳሜ ጥቂት ነው። በ2014 ዓ.ም. ልባቸውን ሲታመሙ ሐኪም ዕረፍት አዘዘላቸው። ቅዳሜ ጠዋት በአልጋቸው ሆነው፣ በእሳቸው ፈንታ መታጠቢያው ጋ ለቆምነው ልጆቻቸው ስልክ እየደወሉ "ሞቋል?" ብለው ይጠይቁ ነበር። ሞቋል ስንላቸው "እንግዲያ ልተኛ" ይሉናል። በሕይወታቸው ደስተኛ ነበሩ፤ ይህንንም ደጋግመው ነግረውናል። ጥቅምት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ እናታችን እጃቸውን እንደያዙ በሰላም ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውንና ሁለት እህቶቻቸውን ትተዋል። ሐዘናችንን የተካፈላችሁ ሁሉ፣ እናመሰግናችኋለን። እኛን ለማጽናናት ቅዳሜ የምትመጡ ግን ከሰዓት በኋላ ኑልን፤ ጠዋት መታጠቢያው ክፍት ስለሆነ ሥራ ላይ ነን።

ድሆችን የማይረሳ አምላክ የአባታችንን ነፍስ በደስታ ይቀበልልን። አሜን።