የመምህር ጋሻዬ ዘውገ ዕረፍትና ከምሽቱ በሦስት ሰዓት የታየው ብርሃን

የጥቁር አምባ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር የነበሩት ጋሻዬ ዘውገ ባደረባቸው ሕመም ጥር 17 ቀን 1975 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው በገነተ ማርያም ተፈጽሟል። ትምህርት ቤታችን በጥልቅ አዝኗል። የሐዘናችንን ምክንያት በሙሉ መግለጽም ግዴታችን ነው።

በ1958 ዓ.ም. ከኩልመስክ ተዛውረው መጡ። አሥራ ሰባት ዓመት አስተማሩ።

በ1969 ዓ.ም. በስጦታ መጥቶ በዕቃ ግምጃ ቤት የተረሳውን ቴሌስኮፕ ጠግነው ለማስተማሪያነት አበቁ።

ሚያዝያ 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ከምሽቱ በሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት እላፊው በፊት፣ በስተምሥራቅ ከፍ ብሎ አንድ ሞላላ፣ ደብዛዛ ብርሃን አዩ። ኮከብ አይመስልም። ጉምም አይደለም፤ በማግስቱ እዚያው ነበር። አቅጣጫውንና ሰዓቱን መዝግበው ምንነቱ እንዲጠየቅላቸው አመለከቱ። ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመን በውጭ አገር ለሚገኝ አንድ የምርምር ማዕከል የላክነው እኛ ነን። ቀኑን ወደ እነርሱ አቆጣጠር ለወጥን። ሰዓቱን ግን ሳንለውጥ፣ «ምሽት»ም ሳንል፣ ሦስት ብለን ተውነው።

በ1971 ዓ.ም. መልስ መጣ። በእነርሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ በሦስት ሰዓት፣ በተባለው አቅጣጫ፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም ይላል። ያ በእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስንልክ ያልለወጥነውን ሰዓት ስንቀበል ለወጥነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው መምህሩን ሐሰተኛ ማስረጃ በማቅረብና ሰዓት እላፊ በመጣስ ጠየቀ። በቃለ ጉባኤው እንደሰፈረው «በዘጠኝ ሰዓትማ ተኝቼ ነበር» አሉ። «ታዲያ በሕልምዎ ነዋ ያዩት!» ተባሉ። ተሳቀ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ በመምህራን ክፍል «መምህር፣ ጉምዎ ገና አልገፈፈም?» ይባሉ ነበር። የቴሌስኮፑን መስተዋት ደጋግመው ሲወለውሉ ይታዩ ነበር።

በጥቅምት 1974 ዓ.ም. የጂኦግራፊ መምህርት ጥሩነሽ ምናለ ፋይሉን አገላብጠው ስሕተቱን አገኙ። እንደገና ተጻፈ። በሰኔ የደረሰው መልስ አጭር ነው። ብርሃኑ አለ። ሞላላ ጋላክሲ ነው፤ እጅግ ሩቅ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በሌላ ሰው ታይቶ ተመዝግቧል።

መምህር ጋሻዬ ቀዳሚነት አልጠየቁም። ማስጠንቀቂያው ከፋይላቸው እንዲወጣ ብቻ አመለከቱ። ጉዳዩ በሐምሌ ስብሰባ ለሚቀጥለው ተላለፈ። በመስከረምም። በኅዳርም።

ማስጠንቀቂያው ተሰርዟል።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ የሺሃረግ ደሴ፣ ለልጃቸው ለፀሐይቱ፣ ለባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። የመሰረዣው ደብዳቤ በመምህሩ ስም ተጽፎ ማኅተም አርፎበታል። «ተቀባይ» በሚለው ቦታ ላይ ማን እንደሚፈርም ግን እስከ ዛሬ አልወሰንንም።