የመነጽሩ ክንድ

ጥቅምት 9 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ ለውሃ ልክ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ከዳሌዋ በታች ካልሆነ በቀር ደህና ናት፤ ምላሷማ ከመቼውም ይልቅ ደህና ነው። ጽሕፈቴ ተንቀጥቅጦ ብታዪው አትገረሚ። ጠረጴዛው ነው፤ አንድ እግሩ እያነከሰ አስቸግሮኛል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «በሃያ አንድ እመጣለሁ፤ እማዬን ይዣት እሄዳለሁ። አንተም ከፈለግክ ና፤ ካልፈለግክ ግን እሷን ማስቀረት አትችልም» ይላል። ሰው ለአባቱ እንዲህ አይጽፍም ብዬ ልቆጣ ነበር፤ ግን አጻጻፉ የራሴው ነው፤ በማን ላይ እቆጣለሁ? ገና በሰባት ዓመትሽ መደርደሪያዬ ሥር ቆመሽ «አባዬ፣ ይሄ ጠሟል» ያልሽኝ ቀን ነው ውሃ ልክ ብዬ ስም ያወጣሁልሽ። እውነትም ጠሞ ነበር።

መልሴን ያዘገየሁት ተቀይሜ አይደለም፤ ሥራ ይዤ ነው። መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ መልሴ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ከመጨረሻው ገጽ እንዳትጀምሪ፤ ልማድሽን አውቃለሁ።

የላክሽው የሩቅ ማያ መነጽር በደረሰ ማግስት ደውዬልሽ ነበር። «ሻጩ አታሎሻል፤ ዕቃው ይንቀጠቀጣል» አልኩሽ። ጨረቃን ሳያት ወንፊት ውስጥ እንደገባች ባቄላ ትዘልብኛለች። አንቺ «እሺ አባዬ፣ እጠይቃቸዋለሁ» አልሽ። ሳትከራከሪኝ መቀበልሽ አልጣመኝም።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ እናትሽ «እስቲ አምጣው» አለችኝ። ደረጃው ላይ ከወደቀች ወዲህ እንዴት እንደሆነች አልነገርኩሽም። ወለሉ ታጥቦ እርጥብ ነበር፤ እኔ ክንዷን ይዣት ነበር፤ ይህን ያኔ ጽፌልሻለሁ። ያልጻፍኩልሽ፣ አራት ወር ሙሉ ባለ ጎማ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙርልኝ ስትል መክረሟን ነው። በመስኮት እዪ ስላት «ምን አያለሁ? ሰው ሲራመድ?» ትላለች። ይህ ለኔ ከስብራቱ ይብሳል። አጥንት ይጠገናል፤ ግድግዳ የለመደ ዓይን ግን ምን እንደሚደረግለት አላውቅም።

መነጽሩን ሰጠኋት። ክርኖቿን ወንበሯ ላይ አስደግፋ ወደ ውጭ አየች።

«ምንም አይንቀጠቀጥም» አለች።

«በደንብ እዪ።»

«በደንብ እያየሁ ነው። የውሃ ጋኑ ላይ ርግብ ተቀምጣለች። እግሯ ቀይ ነው።»

«ዓይንሽ ነው።»

«ዓይኔ ርግብ አይፈጥርም፣ አንተ ሰውዬ!»

ብዙ አልቆየችም። «ከበደኝ፤ አንገቴንም አመመኝ» ብላ መለሰችልኝና ወደ ግድግዳዋ ዞረች። ነገር ግን በአራት ወር ውስጥ ያየችውን ነገር ስትነግረኝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። የርግብ እግር ቀይ መሆኑን እኔ ሰባ ሁለት ዓመት ኖሬ ልብ ብዬው አላውቅም። መነጽሩን በእጅ ሳይያዝ የሚያቆም፣ አንገት ሳያሳምም የሚያሳይ ነገር እሠራለሁ ብዬ ወሰንኩ። አንዴ ከወሰንኩ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ።

መጽሐፍ ፈልጌ አነበብኩ። ፊደል የቆጠርኩት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቢሆንም ማንበብ አያቅተኝም። አሥር ጊዜ የሚያቀርብ መነጽር የእጅን መንቀጥቀጥም አሥር ጊዜ ያጎላል ይላል። የማንም ሰው እጅ ቢሆን ነው፤ መጽሐፉ ማንንም ለይቶ አልጠራም።

ሱቅ የሚሸጠውን የካሜራ ባለ ሦስት እግር አየሁት። ቆሞ ለሚያይ ጎረምሳ ይሆናል። ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን እግሮቹ ከጎማው ጋር ይጣላሉ፤ ሰማይ ለማየትም አንገትን ሰብሮ ከሥሩ መግባት ነው። ባለ ሦስት እግሩን ገዝቼ ራቅ አድርጌ አቆምኩት፤ የሚያስፈልገው ግን ክንድ ነው። ሁለት እኩል ረጃጅም እንጨቶች ጎን ለጎን ሆነው፣ ጫፍና ጫፋቸው በአጫጭር እንጨቶችና በብሎን ተያይዞ፣ ከባለ ሦስት እግሩ ላይ ወደ ወንበሯ የሚዘረጋ። ከፊት መነጽሩ፣ ከኋላ ክብደት። ቀዳዳዎቹ ልክ ከሆኑ ክንዱ ወደ ላይ ቢወጣም ወደ ታች ቢወርድም መነጽሩ ያነጣጠረበትን አይለቅም። እኔ ቆሜ አንድ ነገር አገኛለሁ፤ ክንዱን ዝቅ አደርገዋለሁ፤ እሷ ተቀምጣ ያንኑ ታያለች። ዘዴው ከመጽሐፉ ነው፤ ያሰበውን ሰው ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር።

ያንቺን አልጋ ስሠራ የተረፈኝን ጠንካራ እንጨት አወጣሁ። ላግኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ለክቼ በሳሁት። ጎረቤታችን በያጁ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ቆየ።

«ጋሼ፣ ይሄን የሚያህል ነገር ሠርተው ምን ሊያዩበት ነው? ጎረቤት እንዳይሆን ብቻ!»

«አንተን አላይበትም። ፊትህን ያለ መነጽርም ጠግቤዋለሁ።»

ሳቀ። እጄን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መብሻውን እኔ ልያዝልዎት?» አለ።

«አንተ የብረት ሰው ነህ። ስለ እንጨት ምን ታውቃለህ?»

«ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ጋሼ።»

አባረርኩት። ገጣጥሜ ስጨርስ እናትሽን ወደ በረንዳው አወጣኋትና መነጽሩን ድሮ ትሠራበት በነበረው የልብስ ፋብሪካ በር ላይ አነጣጠርኩ። ክንዱን ዝቅ አደረግኩላት።

«ምን ይታይሻል?»

«ሰማይ።»

«የፋብሪካው በር የለም?»

«ፋብሪካው አርጎ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ የማየው ሰማይ ነው።»

ፈትቼ ለካሁት። ቀዳዳዎቹ ሦስት ሚሊ ሜትር ተዛንፈዋል። ሃምሳ ዓመት በእንጨት ስኖር ሦስት ሚሊ ሜትር ተዛንፌ አላውቅም። ጥፋቱ የመብሻው ነው ብዬ አዲስ ገዛሁ። ሌላ እንጨት አውጥቼ እንደገና በሳሁ። አራት ሚሊ ሜትር።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ከሰዓት በኋላ እንጨቶቹን ተሸክሜ ወደ በያጁ ደጃፍ ሄድኩ። ሌላ ቀን ቢሆን አሥር ጥያቄ ያዘንብብኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ዓይኔንም አላየ። ሁለቱን እንጨቶች ደርበን በመቆንጠጫ አሰርናቸው፤ እኔ የት እንደሚበሳ ነገርኩት፤ እሱ መብሻውን ይዞ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በሳ። ከአሮጌ መኪና የተረፈ ድፍን ብረት ቆርጦ ለኋላው ክብደት አድርጎ ሰጠኝ። ስወጣ ብቻ «ቀዳዳ ቀዳዳ ነው ብያለሁ» አለ። ይገባዋል።

ክብደቱን ወደፊት ወደኋላ ስናንሸራትተው ክንዱ ሚዛኑን ያዘ። በአንድ ጣት ገፍተሽ የተውሽበት ይቆማል። እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ ከወጣ ቆይቷል። ደግሞ ከእጄ ብቻ አልወጣም፤ ይህንንም ጻፍኩት።

ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሠራተኞቹ ከፋብሪካ ሊወጡ ሲሉ፣ ቆሜ በሩን አነጣጠርኩ። ክንዱን ወደ ወንበሯ ዝቅ አደረግኩት። እናትሽ ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ዓይኗን ብቻ አስጠጋች። ከዚያ ጀመራት።

«ውይ! ረጅሟ አለች! አሁንም ሻርፗን በግራ ነው የምትጥለው። አጠገቧ ያለችው ማናት? አላውቃትም፤ አዲስ ናት። ጫማዋን ተመልከተው! በዚያ ጫማ ስምንት ሰዓት ቆማ ልትሰፋ ነው? ዘበኛው ወፍሯል። ኧረ ፎርማኑ ሸብቷል፤ ደግ አደረገ!»

ግማሽ ሰዓት ሙሉ የፋብሪካውን ወሬ ስትነግረኝ ቆየች። አንዱንም ሰው አላውቀውም፤ ግን ሁሉንም ሰማሁ።

ጀንበር ስትገባ ጁፒተር ወጣ። ፈልጌ አገኘሁትና ለእሷ ዝቅ አደረግኩላት። «አጠገቡ በመስመር የተሰለፉ ጥቃቅን ነጥቦች አሉ፤ ጨረቃዎቹ ናቸው፤ አራት ናቸው» አልኳት።

«ሦስት ናቸው።»

«አራት ናቸው። መጽሐፉ ላይ አለ።»

«ሦስት ናቸው አልኩህ። መጽሐፉ ራሱ ይምጣና ይቁጠር።»

ክንዱን ያዝኩና እኔም ልቆጥር ጎንበስ አልኩ። ነጥቦቹ እንደ ባቄላዋ መዝለል ጀመሩ። እናትሽ በቀስታ፣ ዓይኗን ከሰማዩ ሳትነቅል እንዲህ አለችኝ፦ «እጅህን አንሳ። አንተ ስትነካው ነው የሚንቀጠቀጠው።»

እጄን አንስቼ ኪሴ ከተትኩ። ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሦስት ነበሩ። ኋላ መጽሐፉን ሳገላብጥ አንዷ ጨረቃ አንዳንዴ ከኋላው ትሸሸጋለች ይላል። አሸነፈችኝ።

ወደ ውስጥ ሳስገባት «ለልጅቷ ጻፍላት» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ።»

ዛሬ ጠዋት ወንበሯን እንደ ልማዷ ወደ ግድግዳው ላዞረው ስል «ምን ነካህ? ወደ በረንዳ ነው እንጂ» ብላ ተቆጣችኝ።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። እናትሽ አትሄድም። አንቺ ቤት መስኮቱ ፊት ለፊት ግንብ እንደሆነ ራስሽ ነግረሽኛል፤ ከግድግዳ አውጥቼ ለግድግዳ አልሰጣትም። ጠይቄያታለሁ፤ «አልሄድም» ብላኛለች። ግትርነትሽን ከኔ ያመጣሽ ይመስልሻል፤ ከእሷ ነው። በዚህ ነገር ብትለምኚኝም ብትቆጪኝም አልመለስም።

ነገር ግን «አንድ ሽማግሌ ብቻውን ሰው ከአልጋ አንስቶ ወንበር ላይ ማስቀመጥ አይችልም» ያልሽው እውነት ነው። ባለፈው ሳምንት ሳነሳት ተያይዘን አልጋው ላይ ተመልሰን ወደቅን። እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ትመጣለች ያልሽኝን፣ እኔም በስልክ የጮህኩባትን ነርስ ላኪልኝ። አልጮህባትም። የፊታችን ማክሰኞ ደግሞ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፤ ለራሴ ነው። በያጁ ይወስደኛል፤ ነግሬዋለሁ።

አንቺ በሃያ አንድ መምጣትሽን አትተዪ። እናትሽን ለመውሰድ ሳይሆን ከእሷ ጋር ለማየት ነይ። ክንዱ ለረጅምም ለአጭርም ይሆናል፤ ያነጣጠረበትን አይለቅም።

ሻጩን ይቅርታ ጠይቂልኝ። መነጽሩ ደህና ነው።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ጠረጴዛው ያነክሳል ብዬ ጽፌ ነበር። ልሰርዘው አሰብኩና ተውኩት፤ የዋሸሁትን ብታዪው ይሻላል። ጠረጴዛውን የሠራሁት አንቺ በተወለድሽ ዓመት ነው። እየጻፍኩልሽ ሳለ ውሃ ልኩን አምጥቼ መሃሉ ላይ አስቀመጥኩት። አሁንም ፊቴ ነው፤ አረፋው ከሁለቱ መስመሮች መካከል ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ወለሉም ያን ቀን እርጥብ አልነበረም። ለሐኪሙ እርጥብ ነበር ያለችው እናትሽ ናት። እኔ ዝም አልኩ፤ ከዚያም ለአንቺ ጻፍኩት። አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላነሳችብኝም። ደረጃውን ስንወርድ ክንዷን የያዘው ይኸው የምጽፍበት እጄ ነበር።

መንገድሽ ይቅናልሽ። እጅሽ የያዘውን ሁሉ ያጽናልሽ።

አባትሽ