የመርከቡ ካፒቴንና ትንሿ ማስክ

ልጄ፣ ባለሽበት ክፉ አይንካሽ፤ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ። እኔ ሰባ ስምንት ሞላኝ። ዛሬም ብረት እበይዳለሁ፣ ልብሴን አጥባለሁ፣ ይህንንም ደብዳቤ ሰው ሳልለምን በራሴ እጅ እጽፋለሁ። ፊደሉ ከተንሻፈፈ ታገሺኝ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አንቺ የጻፍሽውን ተከታታይ ፊልም እየተረጎመ አሳየኝ። ካፒቴኑ ከጠፈር መርከቡ ውጪ ተንጠልጥሎ ይበይዳል። የሚያሳድጋትን ወላጅ አልባ ልጅ «እሳቱን አትዪ፣ ጀርባዬን እዪ» ይላታል። ከዚያ በልኳ የሠራላትን ትንሽ የብየዳ ማስክ ያጠልቅላታል። ልብስ ሰፊው እንባውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ አባት ማለት እንዲህ ነው! ቆዳው ሰማያዊ ሆነ እንጂ ቁርጥ እርስዎን!» አለኝ።

ኮራሁ፤ ምን ልዋሽሽ።

ቀጥሎ አንቺ ራስሽ ለቃለ መጠይቅ ቀረብሽ። «ይህን አባት ከየት አመጣሽው?» ብለው ጠየቁሽ። «የተመኘሁትንና ያላገኘሁትን አባት ነው የፈጠርኩት» አልሽ። ልብስ ሰፊው ይህን ሲተረጉምልኝ መሬት መሬት ያይ ነበር።

እሳቱን አትዪ ያለሽ ማን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። አፌንም እጄንም ለዚያ ሰማያዊ ሰውዬ ሰጥተሽ እኔን ባዶዬን አስቀረሽኝ። ይሁን። ሥራሽ ይቃናልሽ፤ እኔ አልረግምሽም።

ገንዘብ ግን አትላኪ። ዕዳዬን ራሴ እከፍላለሁ፤ ለእናትሽ የመቃብሯን አጥር፣ ለልብስ ሰፊው የበሩን ማጠፊያ እበይዳለሁ። ያንቺን ገና በልጅነትሽ ከፍያለሁ። ማስክሽ እስካሁን ከኔ ማስክ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅላለች። አንድ ቀን መጥተሽ እዪያት።